ሴሮቶኒን በሰውነት ውስጥ ሲበዛ፦ ምልክቶቹና መንስኤዎቹ

ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሳንባ ነቀርሳ በየጊዜው እንነጋገራለን። በዛሬው ትምህርታችን የምናነሳው ግን ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን፣ ሲደርስም በሌላ በሽታ ስም የሚጠራውን አንድ ችግር ነው። ይኸውም ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ሲበዛ የሚከሰተው መመረዝ ነው። ይህ ችግር ከትንኝ አይመጣም፤ ከቆሸሸ ውኃም አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ከመድኃኒት ነው። አብዛኛውን ጊዜም ለየብቻቸው ሲወሰዱ የሚጠቅሙ ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ምሳሌው ለትምህርት የተዘጋጀ ቢሆንም እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም ካምፕ፣ በየትኛውም ብሎክ ሊደርስ የሚችል ነው።

አንዲት የአርባ አምስት ዓመት እናት አሉ። ከአገራቸው ከወጡ ጀምሮ እንቅልፍ አጥተው፣ ምግብ አስጠልቷቸው፣ ከሰው ተለይተው ይውሉ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው የድብርት ሕመም እንዳለባቸው ተነገራቸውና ፍሉኦክሴቲን የሚባለው መድኃኒት ታዘዘላቸው። በየቀኑ ጠዋት አንድ ፍሬ እየዋጡ አራት ወር ሆናቸው። እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ቡና አፍልተው ጎረቤት መጥራትም ጀመሩ። ታዲያ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክመው ሲመላለሱ ወገባቸውን ያዛቸው። ጎረቤታቸው «እኔን ያሻረኝ ይሄ ነው፣ ሁለት ዋጥ ያድርጉ» ብለው ከገበያ የተገዛ ትራማዶል ሰጧቸው። ሕመሙ እምብዛም አልቀነሰም። ስለዚህ ማታ ሁለት ጨመሩ፤ በማግስቱ ጠዋትም ደገሙ። በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ወንድማቸው ከአሜሪካ በሰው የላከላቸውን የሳል ሽሮፕ ይጠጡ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኚህ እናት መቀመጥ አቃታቸው። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ልብሳቸውን ይጎትታሉ። ላብ አጠመቃቸው። ሆዳቸው ደጋግሞ አስወጣቸው። እግራቸው ሳያዙት ይርገበገባል። ሲመሽ የልጃቸውን ስም ሳቱ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ወባ ነው» አለ፤ ሌላው «መንፈስ ነው፣ ጠበል ይምጣ» አለ፤ ሦስተኛው «ራሳቸውን እንዳይጎዱ በገመድ እንሰራቸው» አለ። ከሁሉ የሚያሰጋው የሦስተኛው ምክር ነበር። ለምን እንደሆነ ወደኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ መሐል የብሎኩ የጤና በጎ ፈቃደኛ ደረሰች። ልጁን ወደ ጎን ጠርታ «ወንድሜ፣ እናትህ ከትናንት ጀምሮ ምን ምን መድኃኒት ወስደዋል?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ «ያው የሁልጊዜውን ነው» አላት። እሷ ግን በዚህ አልረካችም። «ከትራሳቸው ሥር ያለውንም፣ ጎረቤት የሰጣቸውንም፣ ከውጭ የመጣውንም፣ ባዶውን ላስቲክ ሳይቀር ሁሉንም አምጣልኝ» አለችው። ያመጣው ላስቲክ ውስጥ ፍሉኦክሴቲኑ፣ የትራማዶሉ ባዶ ማሸጊያና የሽሮፑ ጠርሙስ ነበሩ።

ሴሮቶኒን ምንድን ነው?

ሴሮቶኒን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን ከደም ተለይቶ የወጣውና የደም ሥሮችን የሚያጠብቀው ንጥረ ነገር ምንነት ሲጠና ነው። ብዙ ሰው «የደስታ ንጥረ ነገር» እያለ ይጠራዋል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን ከመቶ ዘጠና ያህሉ የሚገኘው በአንጎል ሳይሆን በአንጀት ውስጥ ነው፤ የአንጀትን እንቅስቃሴ ይቆጣጠራል። በደም ውስጥም ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ሕዋሳት ይሸከሙታል። በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ያለው ደግሞ ስሜትን፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የሰውነትን ሙቀትና የጡንቻን ውጥረት ይነካል። መመረዙ ሲደርስ አእምሮ፣ ሆድና ጡንቻ በአንድ ጊዜ የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነርቭ ሴሮቶኒን ለቆ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ መልሶ ይሰበስበዋል፤ የቀረውም በሌላ መንገድ ይፈርሳል። ጀሪካን ከሥሩ ተቀድዶ ከላይ ሲቀዳበት እንደማይሞላ አድርጋችሁ አስቡት። የድብርት መድኃኒቶች ቀዳዳውን ያጠብቡታል፤ ውኃው በመጠኑ ከፍ ይላል፤ ታማሚውም ይሻለዋል። ሁለተኛ መድኃኒት መጥቶ ያንኑ ቀዳዳ ቢደፍነው ወይም ከላይ የሚቀዳውን ቢጨምረው ግን ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስሳል።

ብዙዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ምግብስ? ሙዝም ሆነ ሌላ ምግብ ይህን መመረዝ አያመጣም። በምግብ ውስጥ ያለ ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም። ስለዚህ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ምክንያት የሚተወው ምግብ የለም። ሴሮቶኒንን አብዝተው የሚያመነጩ የአንጀት ዕጢዎች መኖራቸው እውነት ነው። ፊትን እያቀሉ ለወራት ተቅማጥ ያመጣሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ የሚታዩና ከዛሬው ርእሳችን የተለዩ ናቸው።

ምልክቶቹ

ይህን መመረዝ ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ከአምስት ሕሙማን በሦስቱ ያህል ላይ ምልክቱ የሚታየው አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ይታመማሉ። ስለዚህ «መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተዋጠ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ቀለል ያለው ደረጃ በቀላሉ ያልፋል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ መቅበጥበጥ፣ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይታያሉ። ሰውየው «ውስጤ እረፍት አጣ» ይላል። ብዙ ጊዜ ይህ ጭንቀት ተብሎ ይታለፋል፤ ታማሚውም መድኃኒቱን ይጨምርበታል። ከዚህ ሲብስ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነት ይግላል፣ ጡንቻ በተለይ በእግር በኩል ይገተራል፣ ይርገበገባልም። ዓይንም ወዲያና ወዲህ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በጣም ሲከፋ ታማሚው ይቀባዥራል፣ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ያልፋል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ ራሱንም ይስታል። በዚህ ደረጃ ላይ ጡንቻው ራሱ መፍረስ ይጀምራል። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ኩላሊት አደጋ ላይ ነው ማለት ነው።

የጤና ባለሙያዎች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት አንድ ምልክት አለ፤ በጎ ፈቃደኞችም ብታውቁት ይጠቅማችኋል። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱ በትንሹ ታጥፎ ሳለ ባለሙያው የእግሩን መዳፍ ይዞ በፍጥነት ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ያቆየዋል። በጤነኛ ሰው እግሩ ዝም ይላል። ሴሮቶኒን በበዛበት ሰው ግን እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ደጋግሞ ይመታል፤ የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ሲረገጥ እንደሚያደርገው ማለት ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት መለያ መመሪያ የቆመው በአመዛኙ በዚህ ምልክት ላይ ነው። ችግሩን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። በደም ውስጥ ያለውን ሴሮቶኒን መለካት በአንጎል ውስጥ ያለውን አይነግርም። መለያው የታማሚው ሁኔታና የዋጣቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ብቻ ነው።

ከምን ጋር ይመሳሰላል?

እንደኛ ባለው አካባቢ ትኩሳትና መቀባዠር ያለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለወባና ለማጅራት ገትር መታየት አለበት። ይህ ትክክል ነው፤ ይህ ጽሑፍም ያንን አያስቀርም። የወባ ምርመራው ነፃ ሆኖ ሲገኝ ግን «እንግዲህ ምንም የለባቸውም» ተብሎ ወደ ቤት መመለስ የለበትም። እንደ ካኩማ ባለ ሞቃት ስፍራ የፀሐይ ምትም ሰውን ያግላል፣ ያስቀባዥራልም፤ ሆኖም የእግር መርገብገብና መገተር የእሱ መለያዎች አይደሉም። አስተናግር የሚባለውን ተክል የቀመሰ ሰውም ብሌኑ ይሰፋል፣ ይቀባዥራልም፤ ቆዳው ግን ደረቅ ነው፣ አፉም ይደርቃል። ሴሮቶኒን የበዛበት ሰው ላብ ያጠምቀዋል፣ ሆዱም ይሮጣል። ቆዳውን በእጅ መዳሰስ ብቻ ብዙ ይናገራል።

እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም አልፎ አልፎ ትኩሳትና መገተር ያመጣሉ። ያኛው ግን ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ የሚመጣ ሲሆን ታማሚው እንደ እንጨት ደርቆ ዝም ይላል። ይኼኛው በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ታማሚውም አያርፍም። ጫት የቃመ ሰው ደግሞ ይቅበጠበጣል፣ ልቡም ይመታል። ስለዚህ «ቅሞ ነው፣ ይተወዋል» እየተባለ የሚታለፍ ታማሚ እንዳይኖር እንጠንቀቅ።

መንስኤዎቹ

በካምፕ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የድብርት መድኃኒትና የትራማዶል መገናኘት ነው። በጤና ጣቢያዎች ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው፤ ከውጭ አገር ዘመድ የሚልካቸው ደግሞ ሰርትራሊን፣ ፓሮክሴቲንና የመሳሰሉት ናቸው። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከማስታገሻነቱ ሌላ ሴሮቶኒንንም ከፍ ያደርጋል፤ በዛ ሲል ለብቻውም ሰውን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ትራማዶል ሕመምን በደንብ የሚያስታግሰው ጉበት ወደ ሌላ መልክ ሲለውጠው ነው። ፍሉኦክሴቲን ይህንን የጉበት ሥራ ያግደዋል። ስለዚህ ፍሉኦክሴቲን የሚወስድ ሰው ትራማዶል ሲውጥ ማስታገሻነቱ ይቀንሳል፤ ሴሮቶኒንን የሚያበዛው ያልተለወጠው ክፍል ግን በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ታማሚው «አልያዘልኝም» ብሎ ይጨምራል። በምሳሌያችን ያሉት እናት የሆኑት ይህንኑ ነው። ዴክስትሮሜቶርፋን የሚባለውና በብዙ የሳል ሽሮፖች ውስጥ ያለው መድኃኒትም ሴሮቶኒንን ያበዛል፤ እሱም በዚያው የጉበት መንገድ ስለሚፈርስ አብሮ ይከማቻል። እንግዲህ በአንድ ሰው ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል ማለት ነው።

ሁለተኛው ልብ ሊባል የሚገባው መድኃኒት ሊኔዞሊድ ነው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ላለባቸው ሰዎች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የስድስት ወር ሕክምና ውስጥ ይገኛል። የሕክምናው ማጠር ትልቅ እፎይታ ነው። ሊኔዞሊድ ግን ተሕዋስያንን ከመግደሉ ሌላ ሴሮቶኒንን የሚያፈርሰውን ኬሚካል ያዳክማል። የዚህ የቲቢ ሕክምና ተጠቃሚ የሆነ ሰው የድብርት መድኃኒት ይወስድ ከነበረ ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይጀምር። ሐኪሙ ሁለቱን አመዛዝኖ ይወስናል፤ አንዱን የሚያቆም ወይም በቅርብ የሚከታተል እሱ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ፔቲዲን የሚባለው የሕመም መርፌ፣ ሊቲየም፣ የማይግሬን ራስ ምታት መድኃኒቶች፣ እንዲሁም «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ከውጭ የሚላከው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ቅጠል በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ቅጠል መሆኑ ምንም አያድንም።

የፔቲዲን ነገር በሕክምና ታሪክ ውስጥ የታወቀ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ትኩሳትና መቅበጥበጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ፌነልዚን የሚባል የቆየ ዓይነት የድብርት መድኃኒት ትወስድ ነበር። ፔቲዲን ተሰጣት። ስትቅበጠበጥ ከአልጋ ጋር አሰሯት፤ ሙቀቷ እያሻቀበ ሄዶ ጠዋት ላይ ሞተች። ለሞቷ ምክንያት የሁለቱ መድኃኒቶች መጋጨት እንደሆነ በርካታ ሐኪሞች ያምናሉ። የአባቷ ክስና ጩኸት የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 ተለማማጅ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደንብ እንዲያወጣ ምክንያት ሆኗል። እንዲህ ያለው ነገር በትልቅ ከተማ፣ በትልቅ ሆስፒታል ከደረሰ በእኛ መንደር ቢደርስ የሚያስደንቅ አይደለም።

አንድ የጊዜ ጉዳይም አለ። ፍሉኦክሴቲን ከቆመ በኋላ እንኳ እስከ አምስት ሳምንት በሰውነት ውስጥ ይቆያል። «ካቆምኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ አሁን አልወስድም» ያለ ሰው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ገና ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ሲጠይቁ ያለፈውን ወርም አብረው ይጠይቁ።

ምን እናድርግ?

እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው የሚቀጥለውን መድኃኒት ሳይውጥ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ትኩሳት፣ የእግር መገተር፣ መቀባዠር ወይም መንዘፍዘፍ ካለ ሌሊትም ቢሆን አምቡላንስ ይጠራ። የመድኃኒቱ ላስቲክና ጠርሙስ ሁሉ አብሮ ይሂድ። በወረቀት ላይ ምን፣ ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት እንደተዋጠ መጻፍ ነርሱን ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

አምቡላንስ እስኪመጣ ታማሚውን ወደ ጥላ አውጡ፤ ልብሱን አቅልሉለት፤ በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፤ አራግቡለት። ራሱን ካልሳተና መዋጥ ከቻለ ውኃ ወይም ኦ አር ኤስ በጥቂቱ ስጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አታድርጉ። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርድም፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚመጣው ከጡንቻው ሥራ ነው።

ወደ ገመዱ እንመለስ። ታማሚውን ማሰር ወይም ብዙ ሰው ሆኖ መጫን ጡንቻው እንዲታገል ያደርጋል፤ በታገለ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ሲጨምርም ልቡና ኩላሊቱ ይጎዳሉ። ለማዳን ብለን እንገድለዋለን። ከሚጎዳው ነገር አርቁት፤ ምድጃና ስለት ያለበትን አንሱ፤ ሁለት የሚያውቃቸው ሰዎች ከጎኑ ሆነው በቀስታ ያነጋግሩት፤ ሌላው ሰው ይራቅ። ጠበል የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር አትከራከሩት። ጠበሉን እየረጩም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል፤ የማይቻለው እስከ ጠዋት መቆየት ነው።

በጤና ጣቢያ ዋናው ሕክምና ያንን መድኃኒት ማቆም፣ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት፣ ማቀዝቀዝና ጡንቻን ለማላላት ዲያዜፓም መስጠት ነው። ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ካለ ሴሮቶኒንን ስለሚቃወም ይጨመራል። በጊዜው የደረሰ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል፤ በሰውነት የሚቆይ መድኃኒት የወሰደ ግን ለጥቂት ቀናት ሊቆይበት ይችላል።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ጠዋት ፍሉኦክሴቲኑን የሚጥል ሰው እንዳይኖር እንለምናለን። መድኃኒቱ ብቻውን በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ይህ መመረዝ የሚደርስበት ሰው በጣም ጥቂት ነው። የድብርት መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ራስ ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ የቀድሞው ሕመምም ይመለሳል። ድብርት ራሱ ሰው ይገድላል። ወገባችሁን ወይም ራሳችሁን ቢያማችሁ በታዘዘው ልክ ፓራሲታሞል ውሰዱ። ኢቡፕሮፌን ከፍሉኦክሴቲን ጋር ሲደጋገም ጨጓራን ሊያደማ ስለሚችል መጀመሪያ ጠይቁ። ከገበያ በፍሬ ተቆርጦ የሚሸጥ፣ ስምና መጠን የሌለበት መድኃኒት ግን ምን እንደሆነ ነርሱም ሊያውቅላችሁ አይችልም።

በምሳሌያችን ያሉት እናት በዚያው ሌሊት ተወሰዱ። ልጃቸው ላስቲኩን ይዞ ስለነበር ነርሱ ብዙ አልደከመም። ሦስት ቀን ተኝተው፣ እግራቸው መርገብገቡን ትቶ ወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሊኒካል ኦፊሰሩ ፍሉኦክሴቲኑን እንደገና አስጀመራቸው፤ በሕክምና ካርዳቸው ላይም «ትራማዶል አይሰጥ» ብሎ ጻፈ። ጎረቤታቸው ቡና ሲጠሩ አሁንም ስለ ወገባቸው ይጠይቋቸዋል፤ መድኃኒት ግን አይሰጧቸውም። ጀሪካኑን ልጁ ይቀዳል።